ናዚሃና የጣሪያዋ መስኮት

ናዚሃ ባሕር በሦስት በኩል በሚከባት በአሮጌዋ የመህዲያ ከተማ የሙሽራ ሐር የምትሸምን ሴት ናት። አባቷም ሸማኔ ነበሩ። የምትሠራበት ክፍል የእሳቸው ነበር፤ የሽመና ዕቃውም ከእሳቸው የወረሰችው ነው። ዕቃው እንደ ትልቅ አልጋ ሰፊ ሲሆን፣ እግሮቹ ከወለሉ ድንጋይ ጋር ተያይዘው ስለተተከሉ ብርሃን ወዳለበት ልግፋህ ቢሉት የሚገፋ አይደለም። ብርሃኑ ነው ወደ እሱ መምጣት ያለበት።

ለብዙ ዘመን ይመጣም ነበር። ክፍሉ ወደ ጎረቤት ግቢ የሚያይ አንድ ረጅም መስኮት ነበረው። ጎረቤትየው ልጁን ሊድር ሲል በቤቱ ላይ ሌላ ፎቅ ጨመረና መስኮቱ ከጡብ ግድግዳ ጋር ተፋጠጠ። ክስ የለ፣ ጠብ የለ፤ ሰውየው በገዛ ቤቱ ላይ ነው የሠራው። ናዚሃም በጠራራ ፀሐይ አምፖል እያበራች መሥራት ጀመረች።

አምፖል ደግሞ ለሐር አይሆንም። ጥቁር ቀዩና ቡናማው አንድ ይመስላሉ፤ ወርቀዘቦው ያብረቀርቅና ዓይን ይወጋል። አንዲት የሙሽራ እናት ተረክባ የሄደችውን ጨርቅ ደጅ አውጥታ ስታየው፣ ጥለቱ መሀል አንድ ጣት የሚያህል ቡናማ ገብቶበት አገኘች። ተመልሳ መጣችና ጨርቁን በሥርዓት አጣጥፋ አስቀመጠች፤ «ዓይንሽን ታከሚው እህቴ» ብላም ሄደች። ናዚሃን ያንገበገባት ይህ ቃል ነው። ዓይኗ ምንም አልሆነም።

ያን ቀን ምሳ ላይ ለባሏ ለራዑፍ፣ ጣሪያውን እንክፈተውና የጣሪያ መስኮት እናስገባበት አለችው።

ራዑፍ የዓሣ ወደቡ የበረዶ ፋብሪካ መካኒክ ነበር። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ እጁ አርፎ አያውቅም፤ የሚጠገን ሲያጣ ደህናውን ይፈታል። የግድግዳው ሰዓት፣ የውሃ ፓምፑ፣ የናዚሃ የስፌት መኪና ሁሉ በእሱ እጅ አልፈዋል፤ ሰዓቱ እንደተፈታ ቀርቷል። ስለ ጣሪያው ሲሰማ የጎረሰውን ሰርዲን እያኘከ ወደ ላይ ወጣና በእርምጃው ይለካ ጀመር። ናዚሃ ከታች ሆና፣ ሳይቸኩል አብረው ሄደው አይተው እንዲመርጡ ነገረችው። እሺ አላት።

በማግስቱ ከካፌ ጓደኛው ጋር በጭነት መኪና ግልጽ የፕላስቲክ ጉልላት ይዞ ከች አለ።

«ይኸውልሽ!» አላት። «ከዚህ የበለጠ የሚያበራ የለም። እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው።»

«አብረን አይተን እንመርጣለን አላልንም?»

«ምኑ ይመረጣል? ብርሃን ብርሃን ነው።»

ሰውየው ላብ በላብ ሆኖ፣ ልብሱ አቧራ ለብሶ፣ እንደ ልጅ ደስ ብሎት ሲያዩት ወዲያው መቆጣት ይከብዳል። ራዑፍና ጓደኛው ጣሪያውን ሰብረው፣ ልክ ከዕቃው አናት ላይ ቀዳዳ አውጥተው፣ ጉልላቱን ጣሪያው ላይ አስተኝተው በሲሚንቶ አጣበቁት። ወቅቱ ጸደይ ነበር። ብርሃኑ ሲገባ በእርግጥም ክፍሉ ተለወጠ። ዘመድ ጎረቤቱ እንኳን ደስ ያላችሁ ሊል መጣ፤ ራዑፍም ሻይ እያስቀዳ እንዴት እንደሠራው ለእያንዳንዱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረከ።

ከዚያ በጋው ገባ።

በኛ በኩል በበጋ ፀሐይ አናት ላይ ትወጣለች። ጉልላቱ ሙቀቱን ተቀብሎ ወደ ክፍሉ ያወርደዋል፤ ወደ ታች የወረደውም መውጫ የለውም። ረፋድ ላይ ክፍሉ የዳቦ መጋገሪያ ሆኖ ያርፋል። ናዚሃ ግንባሯ ላይ መሐረብ አስራ ብትሠራም ላቧ ሐሩ ላይ ይንጠባጠባል፤ የላብ ጠብታ ያረፈበት ሐር ደግሞ ቢታጠብም ምልክቱ አይለቅም። ከሁሉ የባሰው የፀሐይዋ ምንጣፍ ነበር። አራት ማዕዘን የሆነች የእሳት ምንጣፍ ከጠዋት ጀምሮ በወለሉ ላይ እየተሳበች መጥታ፣ እኩለ ቀን ላይ የተወጠረው ድር ላይ ትወጣለች። ከሰነበተ በኋላ ናዚሃ እጇን በድሩ ላይ ስታሳልፍ መሀሉ እንደ ገለባ ደረቀባት፤ ሰማያዊውም ወደ አመድ ወርዷል። ክሮቹ አንድ በአንድ መበጠስ ጀመሩ።

ለራዑፍ ነገረችው። መጥቶ አየ፣ ራሱን አከከ፣ ወጣ። ሲመለስ የኖራ ባልዲ ይዟል። ጣሪያው ላይ ወጥቶ ጉልላቱን በሙሉ ኖራ ቀባው። ክፍሉ ተመልሶ ጨለመ።

ናዚሃ ከዕቃው ኋላ ተቀምጣ ወደ ላይ አየች፤ ከዚያ ተነሥታ አምፖሏን አበራች።

«አሁንስ ቀዝቀዝ አላለሽም?» አላት ከላይ ሆኖ።

«ብሏል።»

«ታዲያ ምን ቀረሽ?»

«ራዑፍ፣ የከፈትነው ለምን ነበር?»

ባልዲውን ሲያንኳኳ ብቻ ተሰማት።

በጋው በዚህ አለፈ። ብርዱና ዝናቡ ሲመጣ ኖራው ታጥቦ ብርሃኑ ተመለሰ፤ ናዚሃም ትንሽ ተስፋ አደረገች። ፀሐይዋ ለዘብ ብላለች፣ ክፍሉ አይጋገርም። አዲስ ድር ወጥራ፣ ከኢድ በኋላ ለምታገባ ለአንዲት የአስተማሪ ልጅ ነጭና ጥቁር ቀይ ጀመረች። አንድ ጠዋት ቁጭ ስትል ነጩ ላይ እርጥብ ነጠብጣብ አየች። ቀና አለች። ከጉልላቱ ጠርዝ ላይ ጠብታ ተንጠልጥሏል።

ራዑፍ ያፈሳል አለና ሬንጅ ይዞ ወጣ። ዙሪያውን ለቀለቀው። በሚቀጥለው ጠዋት እንደገና ነጠበ። ሲልከን የሚባል ማሸጊያ ጨመረበት። ነጠበ። በሬንጁ ላይ ሲሚንቶ፣ በሲሚንቶው ላይ ደግሞ ሬንጅ ደራረበ፤ ጉልላቱ ከሩቅ ሲያዩት ቀለበት ያጠለቀ ጣት መሰለ። ነጠብጣቡ አልቆመም።

ናዚሃ ግን በየቀኑ ከሥሩ ስለምትውል አንድ ነገር አስተውላለች። ጠብታው የሚመጣው ዝናብ ሲዘንብ አይደለም። ሌሊቱ ቀዝቅዞ ሲያድር፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ጠዋት ነው የሚመጣው። የባሕሩ እርጥበት ቤት ውስጥ ገብቶ ያድራል፤ ፕላስቲኩ አንድ ንብርብር ብቻ ስለሆነ ከውጭ ብርዱን ይጠጣል፤ ጠዋት ላይ በውስጥ በኩል እንደ ድስት ክዳን ያልበዋል። ይህን ለመረዳት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ድስት የከደነ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

እንዲህ ባለ ጥርት ያለ ጠዋት ራዑፍ የሬንጅ ጣሳውን ይዞ መሰላሉ ላይ ሲወጣ አስቆመችው።

«ዝናብ የለም እኮ» አለችው።

«አየሁ።»

«ሰሞኑንም አልዘነበም።»

«የበፊቱ ዝናብ ጣሪያው ውስጥ ታቁሮ ነው። ቀስ እያለ ነው የሚወርደው።»

«ራዑፍ፣ ከውስጥ ነው። እጅህን ሰድደህ ዳስሰው፤ ውስጡ በሙሉ አልቦታል።»

«ፕላስቲክ አያልበውም ናዚሃ። ሃያ ዓመት ከበረዶ ጋር ነው የኖርኩት፣ ስለ ውሃ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?»

ወጣ። በጠራው ሰማይ ሥር ተንበርክኮ ሬንጁን ሲቀባ ጥላው በጉልላቱ በኩል ይታያት ነበር። ናዚሃ ልብሷን ለብሳ፣ ሰፍሳሪ የሚባለውን ነጭ መከናነቢያዋን ደርባ ወጣች። የት እንደምትሄድ ለማንም አልተናገረች።

የሄደችው የአሉሚኒየምና የመስታወት ባለሙያው ለምጀድ ጋ ነበር። ለምጀድ በጎልማሳ ዕድሜ ያለ ሰው ነው፤ በሆቴሎቹ መንገድ ላይ የሚሠሩት ቪላዎች ሁሉ መስኮት በእሱ እጅ ያልፋል። እጁ ጥሩ ነው ይባላል፤ ቃሉ ግን እንደ እጁ አይደለም ይባላል። ናዚሃ ሁለቱንም ሰምታለች።

«ለላ ናዚሃ» አላት በአክብሮት፣ ወንበር እየጠረገላት። የመጣችበትን ስትነግረው ግን ወደ በሩ ተመለከተ። ባሏንም «ሲ» ብሎ አክብሮ እየጠራ፣ ሲ ራዑፍ ቢመጡ ነገሩን ቁጭ ብለው ቢነጋገሩበት ጥሩ ነበር አለ።

«ሲ ራዑፍ ጣሪያ ላይ ነው» አለችው። «ብትፈልገው ከዚህ ሆነህ ሬንጁ ይሸትሃል። ጥያቄ ካለህ እኔን ጠይቀኝ።»

ለምጀድ ፈገግ አለና ያለውን ያሳያት ጀመር። መጀመሪያ ያመጣላት ቪላዎቹ የሚወዱትን ትልቅና ጥርት ያለ መስታወት ነበር። በበጋ እኩለ ቀን ከሥሩ ያለው ሰው ምን ይሆናል ብላ ጠየቀችው። መጋረጃ ይደረግለታል አላት። መጋረጃ የሚደረግለት ከሆነ ለምን ይከፈታል አለችው። ሰውየው ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ ግን የሽያጭ ወሬውን ትቶ እንደ ሥራ ሰው ያወራት ጀመር። ብርሃን የሚፈልጉት ለዓይን ሥራ ከሆነ ጣሪያው ላይ የተኛ መስታወት አይሆንዎትም፤ እንደ ግማሽ ሣጥን ከጣሪያው ከፍ ብሎ ጀርባውን ለፀሐይ የሰጠ፣ መስታወቱም ወደ ሰሜን ያጋደለ ነው የሚሻልዎት አላት። ከሰሜን የሚመጣው ብርሃን ከጠዋት እስከ ማታ ብዙም አይለዋወጥም፤ የፀሐይ ምንጣፍ ይዞ አይገባም። መስታወቱ ወተት መሳይ ይሁን፤ ብርሃኑን ይበትነዋል፤ ሰገነት ላይ ልብስ የሚያሰጡ ጎረቤቶችም ወደ ውስጥ አያዩም። ከላይ በኩል የሚከፈት ትንሽ ክንፍ ይኑረው፤ ሙቀቱ በዚያ ይወጣል። ብሎኑ የማይዝግ ይሁን፤ ተራውን ብሎን የባሕሩ ጨው በሁለት ክረምት ይበላዋል።

«ደግሞ ድርብ ነው» አለ። «በሁለቱ መስታወት መሀል ደረቅ አየር ተዘግቶበታል። ነጠላ ከሆነ ጠዋት ጠዋት ያልበዋል።»

ናዚሃ ቀና አለች። «ያልበዋል አልክ?»

«ነጠላ ፕላስቲክ? በደንብ ነዋ። የባሕር ዳር ቤት ነው እኮ።»

ልታለቅስ ምንም አልቀራትም። ሥራውን እዚያው ተዋዋለች።

ቤት ስትገባ ራዑፍ እጁን በጋዝ እያጠበ ነበር። ለምጀድ ጉልላቱ ከውስጥ ያልበዋል አለ፣ አለችው። ራዑፍ እጁን ማጠብ አቆመ።

«እንዲያ አለ?» አለ። «ልክ ነው። ነጠላ ስለሆነ ነዋ። እንዴት አልታየኝም።»

ወዲያው ነው ያመነው። እሷ ጠዋት ነግራው ያልሰማትን ነገር፣ ጣሪያዋን አይቶ የማያውቅ ሰው ስላለው ብቻ በአንድ ትንፋሽ ተቀበለ። ናዚሃ ይህን ስትሰማ ከነጠብጣቡም፣ ከሙቀቱም፣ ከኖራውም ይበልጥ ተናደደች። ወጥ ቤት ገብታ ለኩስኩሱ የሚሆነውን ሽንኩርት ስትከትፍ የቢላዋው ድምፅ ደጅ ድረስ ይሰማ ነበር።

ለምጀድ በተባለው ቀን መጣ። ጉልላቱን ነቀለ፤ የራዑፍን ሬንጅና ሲሚንቶ በመሮ ሲፈለፍል ረፋዱ አለቀ። ቀዳዳውን አስተካከለ፣ ዙሪያውን በጡብ ከፍ አደረገ፣ ከላይ ሸራ ወጠረበትና ነገ ሣጥኑን ይዤ እመጣለሁ ብሎ ሄደ።

በነጋው አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም። ስልክ ሲደወልለት መንገድ ላይ ነኝ ይላል፤ ከኋላው የድሪል ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ስልኩን ማንሣት ተወ። ራዑፍ ካፌው ውስጥ እንደሰማው፣ አንድ የውጭ አገር ሰው በሆቴሎቹ መንገድ ላይ ላሠራው ቪላ ለምጀድን አስቸኩሎ ወስዶታል። ሰው ለትልቅ ሥራ ትንሹን ቢተው ምን ይደረግ፣ ትንሽ እንታገሥ አለ ራዑፍ። ናዚሃ ሸራውን አየች፤ ነፋስ በገባ ቁጥር እንደ ጀልባ ሸራ ያብጣል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ላይ ነበር ማዕበሉ የመጣው። ነፋሱ ከባሕሩ ተነሥቶ ዳርቻው ላይ ያለውን መቃብር አልፎ በጠባቡ መንገዶች ውስጥ እያፏጨ ገባ። ዝናቡ ተከተለ። ራዑፍ እየሮጠ ጣሪያው ላይ ወጣ፤ የሸራው አንድ ጥግ ተፈትቶ ይማታል። የሚያስርበት አጣ። በመጨረሻ ሸራው ላይ በሆዱ ተኛበት፤ እጅና እግሩን ዘርግቶ በአራቱም ጥግ ተጫነው። ከታች ናዚሃ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የሰፍሳሪ ጨርቅ፣ ያገኘችውን ሁሉ ዕቃው ላይ ታለብሳለች፤ ሳህንና ድስት ትደረድራለች። ውሃው በራዑፍ ጎንና ጎን እየታቆረ የሸራውን መሀል ወደ ታች እንደ ላም ጡት አወረደው።

«እንዴት ነው?» ብሎ ጮኸ ከላይ።

«አትንቀሳቀስ!» ብላ ጮኸች ከታች።

ሲያስነጥሰው ተንቀሳቀሰ። የታቆረው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወረደ።

ዝናቡ ካባራ በኋላ አንሶላዎቹን ስታነሣ ከሥር ያለው ጨርቅ ርሶ ነበር። ጥቁር ቀዩ ቀለሙን ለቆ በነጩ ላይ ተስፋፍቷል፤ ለብዙ ሳምንት ክንዷ እስኪዝል የሠራችው ጨርቅ፣ የቆሰለ እጅ የተጠቀለለበት ፎጣ መስሏል። ራዑፍ ከራስ ጸጉሩ እስከ ጫማው ውሃ እየተንጠባጠበ በሩ ላይ ቆመ። ናዚሃ መቀሷን አነሣች። የተበላሸውን ከድሩ ላይ ቆርጣ አወረደችው። አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። ጨርቁን ጠቅልላ ፌስታል ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ ጠዋት በአውቶቡስ ወደ ሆቴሎቹ መንገድ ሄደች። ቪላውን ለማግኘት አልቸገራትም፤ የለምጀድ መኪና በር ላይ ቆሟል። ዘበኛው ማንን ፈልገው ነው እማማ ሲላት አለፈችው። ጣሪያው ላይ የሚያስወጣ መሰላል ነበር። ሰፍሳሪዋን ወገቧ ላይ ቋጥራ ወጣች።

ለምጀድ ተንበርክኮ እንደ መዋኛ ገንዳ የሰፋ መስታወት እያስተካከለ ነበር። ሲያያት እጁ ላይ ያለው ዕቃ ወደቀ።

«ለላ ናዚሃ! ምን ሆነው ነው? ይወድቃሉ እኮ!»

መልስ ሳትሰጠው ጨርቁን ከፌስታሉ አወጣችና የጸዳው መስታወት ላይ ዘረጋችው። ለምጀድ አየው። የመህዲያ ልጅ ነው፤ ምን እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለጋትም። እናቱም የተዳረችው በእንዲህ ያለ ጨርቅ ነው።

«ነገ በጠዋት እመጣለሁ» አለ ዝቅ ብሎ። «ወላሂ ነገ።»

«ሥራህን ጨርስ» አለችው። «እኔ እዚህ እጠብቅሃለሁ።» ሄደችና ተቀመጠች።

«የተቀመጡበት እኮ የዕቃ ሣጥኔ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ለምጀድ ዙሪያውን አየ። መፍቻው፣ ሲልከኑ፣ ብሎኑ ሁሉ ከሥሯ ነው። እባክዎን አላት። ባለቤቱ ዛሬ ከአየር ማረፊያ ይገባል፣ ያዋርደኛል አላት። ናዚሃ ባሕሩን እያየች ተቀምጣለች። ፀሐዩ ወጣ፤ ጃንጥላ አምጥቶ ሊያስጠልላት ሞከረ፤ አመሰገነችው፣ አልተነሣችም። በመጨረሻ ተስፋ ቆረጠ። እሷ ጋቢና ተቀምጣ፣ ግማሽ ሣጥኑ ከመሥሪያ ቦታው ተጭኖ፣ አብረው ወደ አሮጌው ከተማ ገቡ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። ሣጥኑ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቦታው ላይ ሲቀመጥ ግን ናዚሃ ከታች ሆና አየችና፣ «ወደ ደቡብ ነው የሚያየው» አለች።

ለምጀድ አንድ ጊዜ ሣጥኑን፣ አንድ ጊዜ ፀሐይዋን አየ። በእርግጥም መስታወቱ ፀሐይዋን ፊት ለፊት ተፋጥጧል። መሥሪያ ቦታው ውስጥ ሲሠራ ከቪላው ሥራ ጋር ተምታቶበት የማያያዣ ቀዳዳዎቹን በተቃራኒው በኩል አውጥቷቸዋል። ጡቡ ላይ ብሎኖቹን የተከለበት ሲሚንቶ ደግሞ ደርቋል። አሁን መንቀል ማለት ጡቡን ማፍረስ ነው፤ ጡቡን ማፍረስ ማለት ሌላ ሳምንት ነው አለ። ልዩነቱ እኮ ብዙ አይደለም፣ ወተት መሳይ መስታወት ስለሆነ ፀሐዩን ያበርደዋል አለ።

ራዑፍ አጠገቡ ቆሟል። «ናዚሃ» አለ ወደ ቀዳዳው ጎንበስ ብሎ፣ «ይሁን፣ ይለፍ። ሰውየው ደክሟል።»

በዚህ ጊዜ ነው ናዚሃ የፈነዳችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ሁለቱም ግን ከላይ ሆነው እያንዳንዱን ቃል ሰሙ።

«አንተ ብርሃን ብርሃን ነው አልከኝ፣ ድሬ ተቃጠለ። ፕላስቲክ አያልበውም አልከኝ፣ ሬንጅህን ስትቀባ ክረምቱ አለቀ። እሱ ነገ እመጣለሁ አለኝ፣ የሰው ልጅ የሰርግ ልብስ በጎርፍ ተወሰደ። አንድም ጊዜ ከእናንተ አንዳችሁ ወርዳችሁ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ቀና ብላችሁ አላያችሁም። ሰሜን አልኩ። ሰሜን ካልሆነ ሣጥኑን አውርዱና ጣሪያውን ድፈኑት፤ በአምፖል እሠራለሁ።»

ከዚያ የመሰላሉ ድምፅ ተሰማ። ራዑፍ ወረደ፣ ወደ ክፍሉ ገባና ከዕቃው ኋላ ያለው ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። ቀና ብሎ አየ። ፀሐይዋ በመስታወቱ በኩል ልክ ፊቱ ላይ አረፈችና ዓይኑን ጨፈነ። ቆየት ብሎ ተነሥቶ ወደ ጣሪያው ተመለሰ፤ ኪሱ ውስጥ ያለውን የሜትር ጥቅል አውጥቶ ቀዳዳውን በቁመትም በጎንም ለካ።

«ለምጀድ!» አለ። «ቀዳዳው እኩል ነው።»

«እና?»

«እናማ በአራቱም በኩል እኩል ነው። ብሎኖቹም በአራቱም ጥግ እኩል ርቀት ላይ ናቸው። ብሎኑን ለምን ትነቅላለህ? ሣጥኑን አንሣውና አዙረው።»

ሁለቱም ሣጥኑን በሁለት በኩል ይዘው አንሥተው፣ እንደ ቁም ሣጥን አሽከረከሩትና መልሰው አስቀመጡት። ብሎኖቹ ገቡ። የጡቡ ጠርዝ በአንድ በኩል ትንሽ ከፍ ስላለ ለምጀድ በስስ ሲሚንቶ አስተካከለው፤ ሲልከኑንም ዙሪያውን በእርጋታ ጨረሰው። የሥራው እጅ ጥሩ ነው፤ ይህን ናዚሃም አትክድም።

ብርሃኑ እሷ እንዳሰበችው ነው። ለስላሳ ነው፤ ጥላ የለውም፤ ከጠዋት እስከ ምሽት እዚያው ይቆማል። በብርድ ጠዋት ጠብታ የለም። ግን ደስታው ብዙ አልቆየላትም፤ ምክንያቱም በዚያ ብርሃን በአምፖልና በጉልላቱ ዘመን ሠርታ ለናሙና ያስቀመጠቻቸውን ጨርቆች አወጣችና አየች። እዚህ ክሩ ተዛንፏል፣ እዚያ ወርቀዘቦው ላልቷል፣ እዚህ ደግሞ ሰማያዊና አረንጓዴ ተለዋውጠዋል። ስንቱን እንዲህ አድርጋ ለሰው እንደሰጠች አሰበች። ለአስተማሪዋ ልጅ የጀመረችውን አዲሱን ጨርቅ የመጀመሪያ ክንድም ፈታ እንደገና ጀመረችው፤ ምንም ስሕተት ባይኖርበትም።

ራዑፍ በነዚያ ቀናት ካፌ መሄድ ቀንሶ አጠገቧ እየተቀመጠ ክሩን በቀሰም ያጠነጥንላት ነበር። በደንብ አያጠነጥንም፤ ያላላዋል። ማታ ማታ እሱ ሳያይ እየፈታች ታድሰዋለች።

አንድ ቀን ለወጥ ቤቱ የጣሪያ መስኮት ያሰበ አንድ የካፌ ሰው ሊያይ መጣ። ናዚሃ እየሠራች ነበር። ራዑፍ በሩ ላይ ቆሞ ያስረዳው ጀመር፤ ስለ ድርቡ መስታወት፣ ስለ ክንፉ፣ ስለ ጨውና ስለ ብሎን። «እኔ መቼም ከመጀመሪያውም ወደ ሰሜን ነው መዞር ያለበት ብዬ ነበር» አለ።

ናዚሃ መወርወሪያውን ያዘችው። ዕቃው ጸጥ ሲል ራዑፍም ጸጥ አለ። እንግዳው አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየ።

«ማለቴ... እሷ ነች ያለችው» አለ ራዑፍ። «ያዞርኩት ግን እኔ ነኝ።»

«እሱ እውነት ነው» አለች ናዚሃ።

እንግዳው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ፊቱን ወደ ራዑፍ መልሶ፣ ለወጥ ቤትስ የትኛው ይሻላል ሲል ጠየቀው።

ራዑፍ በእጁ ወደ ናዚሃ አመለከተው። ናዚሃ ቀና ሳትል፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ የምትውለው ማን ናት ብላ እንግዳውን ጠየቀችው። ባለቤቴ አለ።

«እንግዲያው እሷን ላካት» አለችው።

ሰውየው ሳቀ፤ ቀልድ መስሎታል። ናዚሃ አልሳቀችም። የሙሽራዋ ቀን እየቀረበ ነበርና መወርወሪያዋን መልሳ ሥራዋን ቀጠለች።